የኢዜድኤች2ን ሥራ ከሂስቶኑ ላይ እንዴት እናነባለን

ሴሎቼን ለ24 ሰዓት መድኃኒት አጠጣኋቸው። መድኃኒቱ ኢዜድኤች2 የሚባለውን ኢንዛይም የሚያስቆም ነው። በማግስቱ ፕሮቲናቸውን አውጥቼ ዌስተርን ብሎት (ፕሮቲኖችን በጄል በክብደት ለይቶ፣ የሚፈለገውን በአንቲቦዲ የሚያሳይ ዘዴ) ሠራሁ። መድኃኒት ያገኙትና ያላገኙት ሴሎች ምስላቸው አንድ ሆነ። ሦስት ጊዜ ደገምኩት። መድኃኒቱ ተበላሽቶ ይሆናል ብለን አዲስ አዘዝን። በአዲሱም ያው ሆነ።

አንድ ወር ካለፈ በኋላ ከእኔ በፊት ብዙ ዓመት የሠራች ባልደረባዬ ደብተሬን ገለጥ ገለጥ አደረገችና አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀችኝ። «ሴሎችሽ ስንቴ ተከፈሉ?»

መልስ አልነበረኝም። ቆጥሬ አላውቅም። ከዚህ በታች የምጽፈው ከዚያ ጥያቄ በኋላ የተማርኩትን ነው። ኢዜድኤች2 ሴላችሁ ውስጥ እየሠራ እንደሆነና እንዳልሆነ፣ ወይም መድኃኒታችሁ በእርግጥ እንዳስቆመው ማወቅ ከፈለጋችሁ በዚህ መንገድ ሂዱ።

ኢንዛይሙ ማን ነው?

ዲኤንኤ በሴል ውስጥ ባዶውን አይቀመጥም። ክር እንዝርት ላይ እንደሚጠመጠም ሂስቶን በሚባሉ ፕሮቲኖች ላይ ይጠመጠማል። አንዱ ጥቅል ኑክሊዮሶም ይባላል። መሃሉ ላይ ስምንት ሂስቶኖች አሉ፤ ከኤች2ኤ፣ ከኤች2ቢ፣ ከኤች3 እና ከኤች4 ሁለት ሁለት። በዙሪያቸው 147 ጥንድ የዲኤንኤ ፊደላት ይዞራሉ። አንድ የሰው ሴል እንዲህ ያለ ጥቅል ወደ 30 ሚሊዮን ገደማ አለው። እንግዲህ የኤች3 ቁጥር ብቻ 60 ሚሊዮን ይጠጋል ማለት ነው። ይህን ቁጥር ያዙልኝ፤ እንመለስበታለን።

ከእያንዳንዱ ሂስቶን ጅራት የሚመስል ጫፍ ወደ ውጭ ይወጣል። በኤች3 ጅራት 27ኛው ቦታ ላይ ላይሲን የሚባል አሚኖ አሲድ አለ። ኢዜድኤች2 እዚያ ላይሲን ላይ ሜቲል የሚባል ትንሽ የኬሚካል ምልክት ይለጥፋል። መጀመሪያ አንድ፣ ከዚያ ሁለት፣ ከዚያ ሦስት። ሜቲሉን የሚወስደው ሳም ከሚባለው ሞለኪውል ነው። ሦስተኛው ሜቲል በተለጠፈበት አካባቢ ያሉ ጂኖች ብዙውን ጊዜ ተዘግተው ይቆያሉ። ላብ ውስጥ ይህን ምልክት ኬ27 ትራይሜቲል እንለዋለን፤ ኬ የላይሲን ምልክት ነው። አንድ ሲሆን ሞኖሜቲል፣ ሁለት ሲሆን ዳይሜቲል።

ኢዜድኤች2 ራሱ 746 አሚኖ አሲዶች ያሉት ፕሮቲን ነው። ጂኑ 7ኛው ክሮሞሶም ላይ ይገኛል። ሜቲል የሚለጥፈው ክፍሉ ሴት (SET) ዶሜይን ይባላል፤ የተቀመጠውም ወደ ፕሮቲኑ መጨረሻ ነው። ብቻውን ግን አይሠራም። ሱዝ12 እና ኢኢዲ የሚባሉ ፕሮቲኖች አብረውት ካልቆሙ ኢንዛይሙ ሞቶ እንደተቀመጠ ቁጠሩት። ከነዚህ ጋር አርቢቢፒ4 ወይም አርቢቢፒ7 ሲጨመር ቡድኑ ፒአርሲ2 ይባላል። ኢኢዲ ደግሞ የሚገርም ሥራ አለው። ቀድሞ የተለጠፈ ትራይሜቲል ሲያገኝ ይይዘዋል። ያን ጊዜ ኢዜድኤች2 ይፈጥናል። ምልክቱ ራሱን የሚያስፋፋው አንዱ መንገድ ይህ ነው።

ይህ ኢንዛይም ሂስቶንን ሜቲል እንደሚያደርግ የታወቀው በ2002 ነው። በዚያ ዓመት አራት የምርምር ቡድኖች በየፊናቸው ተመሳሳይ ውጤት አወጡ። በፍራፍሬ ዝንብ ውስጥ ያለው ዘመዱ ግን ከዚያ በፊትም በጂን ጥናት ይታወቅ ነበር። በ2010 በአንዳንድ የሊምፎማ ካንሰሮች ውስጥ የኢዜድኤች2 641ኛው አሚኖ አሲድ፣ ታይሮሲን፣ ተቀይሮ ተገኘ። በጃንዋሪ 2020 ደግሞ የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ታዜሜቶስታት የተባለውን የኢዜድኤች2 ማስቆሚያ ኤፒተሊዮይድ ሳርኮማ ለሚባል ብርቅ ካንሰር ፈቀደ። እኔ ስለዚህ ኢንዛይም መጨነቅ የጀመርኩት በዚሁ ምክንያት ነው። ሴል ላይ የምናነበው ነገር ከሰው ሕክምና ጋር ቀጥታ ይገናኛል።

ምኑን እንለካ?

ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚያስበው የኢዜድኤች2ን ፕሮቲን መለካት ነው። እኔም እንደዚያው አስቤ ነበር። ግን ፕሮቲኑ መኖሩ እየሠራ ነው ማለት አይደለም። ታዜሜቶስታት የሚገባው ሳም የሚቀመጥበት ኪስ ውስጥ ነው። ፕሮቲኑን አያፈርሰውም። ስለዚህ ኢንዛይሙ ሙሉ በሙሉ ቆሞም ቢሆን የኢዜድኤች2 ባንድ (ብሎቱ ላይ የሚታየው መስመር) እንደ ድሮው ደምቆ ይታያል።

ተቃራኒውም አለ። ኢዜድኤች2 በሚከፋፈሉ ሴሎች ውስጥ ይበዛል፤ ዕድገታቸውን ባቆሙት ውስጥ ይቀንሳል። የሚያድጉበት ሳህን ጢም ብሎ ከሞላ ሴሎቹ ይቆማሉ፤ የኢንዛይሙም መጠን ይወርዳል። ይህን የማያውቅ ሰው መድኃኒቱ ነው የቀነሰው ሊል ይችላል።

ስለዚህ የሚለካው አሻራው ነው፦ ኬ27 ትራይሜቲል፣ ከጠቅላላው የኤች3 መጠን ጋር ተነጻጽሮ። የኢዜድኤች2ን ፕሮቲን ጎን ለጎን ተመልከቱት፤ መልሱን ግን ከእሱ አትጠብቁ።

ቀን አትቁጠሩ፤ ክፍፍል ቁጠሩ

ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ ይዛችሁ ብትሄዱ ይህ ክፍል እንዲሆን እፈልጋለሁ።

ኢንዛይሙን ማስቆም ቀላል ነው። መድኃኒቱ ሴሉ ውስጥ ከገባ በኋላ ብዙም ሳይቆይ አዲስ ሜቲል መለጠፍ ይቆማል። ቀድሞ የተለጠፈው ግን የትም አይሄድም። ቅድም ያዙልኝ ያልኳችሁን ቁጥር አስታውሱ። በ60 ሚሊዮን ኤች3 መካከል ተበትነው የተቀመጡ ምልክቶች አሉ። ኢንዛይሙ ስለቆመ ብቻ አይረግፉም።

ታዲያ በምን ይጠፋሉ? በዋናነት በመሳሳት ነው። ሴል ሲከፈል ዲኤንኤውን ያባዛል። የቆዩት ሂስቶኖች ለሁለቱ ልጆች ይካፈላሉ። ክፍተቱ ምልክት በሌላቸው አዲስ ሂስቶኖች ይሞላል። ኢንዛይሙ ቢሠራ ኖሮ አዲሶቹንም ምልክት ያደርግባቸው ነበር። ከቆመ ግን ምልክቱ በእያንዳንዱ ክፍፍል በግማሽ ይሳሳል። 100፣ 50፣ 25፣ 12.5፣ 6.25። ሜቲሉን ከላይሲኑ የሚያነሱ ኢንዛይሞችም አሉ፤ ኬዲኤም6ኤ እና ኬዲኤም6ቢ። እነሱም የራሳቸው ድርሻ አላቸው። ግን በሳህን ላይ በሚያድጉ ሴሎች እቅድ ስታወጡ የግማሹን ስሌት ብትይዙ አትሳሳቱም።

አሁን በራሳችሁ ሴል አስሉት። ሴላችሁ በ24 ሰዓት አንዴ የሚከፈል ከሆነ በ4 ቀን ውስጥ ምልክቱ ወደ 6 በመቶ ይወርዳል። በ48 ሰዓት አንዴ የሚከፈል ከሆነ በ4 ቀን የሚደርሰው 25 በመቶ ብቻ ነው። የእኔ ሴሎች በ40 ሰዓት አንዴ የሚከፈሉ ነበሩ። በ24 ሰዓት አንድ ሙሉ ዙር እንኳ አልጨረሱም። መድኃኒቱ ጤነኛ ነበር። ሴሎቹም ጤነኞች ነበሩ። እኔ ነኝ ያልጠበቅኩት።

ስለዚህ ሙከራውን ከመጀመራችሁ በፊት አንድ ሳምንት ስጡና ሴላችሁ በስንት ሰዓት እንደሚከፈል ለኩ። በየቀኑ አንድ ሳህን አንስታችሁ ቁጠሩ። ቁጥሩ እጥፍ የሆነበትን ሰዓት ጻፉ። ከዚያ ቢያንስ አራት ክፍፍል የሚሆን ጊዜ መድቡ። መድኃኒቱ ራሱ ዕድገትን የሚያዘገይ ከሆነ መድኃኒት ያለበትንም ለብቻው ቁጠሩ። ይህ ሳምንት የባከነ ይመስላል፤ ግን አንድ ወር ያድናል።

ሴሎቹን ማዘጋጀት

መድኃኒቱን ዲኤምኤስኦ በሚባለው ማሟሚያ ውስጥ በ10 ሚሊሞላር መጠን አሟሙታችሁ አስቀምጡ። ከእሱ በዲኤምኤስኦ አቅጥናችሁ 1 ሚሊሞላር አዘጋጁ። ያንን በሚዲየም (ሴሎቹ በሚያድጉበት ፈሳሽ) ውስጥ 1 ለ1,000 ስታቀጥኑት 1 ማይክሮሞላር ይሆናል፤ ዲኤምኤስኦውም 0.1 በመቶ ላይ ይቆማል። እኔ አራት መጠን እይዛለሁ፦ 0፣ 0.01፣ 0.1 እና 1 ማይክሮሞላር። ዜሮውም ያው 0.1 በመቶ ዲኤምኤስኦ ይግባበት። ባዶ ሚዲየም ማነጻጸሪያ አይሆንም።

በየሁለት ቀኑ ሚዲየሙን ከነመድኃኒቱ ቀይሩ። ሳህኑ ከ80 በመቶ በላይ ከመሙላቱ በፊት ሴሎቹን አካፍሉ፤ ወደ አዲሱ ሳህን ሲገቡም መድኃኒቱ አብሮ ይግባ። በመጨረሻው ቀን ሁሉም ሳህን በተቀራረበ ብዛት ላይ እንዲደርስ አድርጉ። ከእያንዳንዱ 5 ሚሊዮን ሴል ይበቃል።

አንድ የቆየ መድኃኒት ላስጠንቅቃችሁ። ዲዜድኔፕ የሚባለውን ብዙ የቆዩ ጽሑፎች የኢዜድኤች2 ማስቆሚያ ይሉታል። እሱ የሚያግደው ሌላ ኢንዛይም ነው። ያ ሲታገድ በሳም የሚሠሩ ብዙ ሜቲል ለጣፊዎች አብረው ይታወካሉ። ጥያቄያችሁ ስለ ኢዜድኤች2 ብቻ ከሆነ አትጠቀሙበት።

ሂስቶኑን በአሲድ ማውጣት

የተለመደውን የፕሮቲን ማውጫ በፈር ብትጠቀሙ ሂስቶኑ በአብዛኛው ከዲኤንኤው ጋር ተጣብቆ ከታች ይዘቅጣል። ዝቃጩ ይጣላል። እናንተ ከላይ ያለውን ፈሳሽ ይዛችሁ ትሄዳላችሁ። የምትፈልጉት ነገር ቆሻሻ ውስጥ ነው። እዚህ ላይ የሚያድነን የሂስቶን ጠባይ ነው። ሂስቶን በጣም ቤዛዊ ፕሮቲን ስለሆነ አሲድ ውስጥ ይሟሟል። ዲኤንኤውና አብዛኛው ሌላ ፕሮቲን ግን አይሟሙም።

ሁሉም ነገር በረዶ ላይ ይሁን። ሴሎቹን በቀዝቃዛ ፒቢኤስ (ጨዋማ ማጠቢያ ፈሳሽ) ሁለት ጊዜ እጠቡ። 0.5 በመቶ ትራይተን ኤክስ-100 እና 2 ሚሊሞላር ፒኤምኤስኤፍ ያለው ፒቢኤስ አዘጋጁ። ፒኤምኤስኤፍ ውሃ ውስጥ ቶሎ ይበላሻል፤ ልትጠቀሙ ስትሉ ብቻ ጨምሩት። መርዝም ነውና ጓንት አትርሱ። ለ5 ሚሊዮን ሴል 500 ማይክሮሊትር በቂ ነው። በረዶ ላይ 10 ደቂቃ ተዉት፤ አልፎ አልፎ ቀስ ብላችሁ ገልበጥ ገልበጥ አድርጉት። የሴሉ ውጫዊ ሽፋን ይቀደዳል፤ ኒውክሊየሱ ሳይፈርስ ይቀራል።

በ4 ዲግሪ፣ በ650 ጂ፣ ለ10 ደቂቃ ሴንትሪፊውጅ አድርጉት። ከላይ ያለውን ፈሳሽ ድፉ። ዝቃጩን በግማሽ መጠን በፈር አንድ ጊዜ እጠቡና እንደገና አሽከርክሩ። አሁን ከታች የቀረው ኒውክሊየስ ነው።

በላዩ ላይ 125 ማይክሮሊትር 0.2 ኖርማል ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ጨምሩ። በፒፔት ደጋግማችሁ በትኑት። ጓጉሎ ከቀረ መሃሉ ያለው ሂስቶን አይወጣም። ከዚያ በ4 ዲግሪ አሳድሩት። ሰዓት አሳጥረው የሚሠሩ አሉ። እኔ ማሳደሩን እመርጣለሁ፤ በየጊዜው የማገኘው መጠን ይቀራረባል።

በነጋታው በ4 ዲግሪ በከፍተኛ ፍጥነት 10 ደቂቃ አሽከርክሩ። በዚህ ጊዜ የምትይዙት ከላይ ያለውን ፈሳሽ ነው። ትናንት የደፋችሁት ዛሬ የምትይዙት ነው፤ እዚህ ላይ ብዙ ሰው በልማድ ተሳስቶ ይደፋዋል። ቲዩቡ ላይ ቀድማችሁ ጻፉበት።

አሲዱን ለማርገብ የፈሳሹን አንድ አሥረኛ ያህል 2 ሞላር ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ጨምሩ። ለ125 ማይክሮሊትር 12.5 ማለት ነው። ሂሳቡ እኩል በእኩል ይወጣል። አለመርገቡን የምታውቁበት ቀላል ዘዴ አለ። ናሙናውን ከጄል መጫኛ ቀለም ጋር ስትቀላቅሉት ሰማያዊው ወደ ቢጫ ከተለወጠ አሲድ ቀርቷል። ሰማያዊ እስኪሆን ድረስ ጥቂት ጥቂት ጨምሩበት። ይህችን ዘዴ የነገረችኝ ያችው ባልደረባዬ ናት፤ እስካሁን አንድም ቀን አልተለየችኝም።

መጠኑን በብራድፎርድ (ፕሮቲንን በቀለም የሚለካ ዘዴ) ለኩ። ምን ያህል መጠበቅ እንዳለባችሁ በግምት ማወቅ ይቻላል። አንድ የሰው ሴል 6.5 ፒኮግራም ያህል ዲኤንኤ ይዟል፤ የሂስቶኑም ክብደት ከዚያ ብዙ አይርቅም። ከ5 ሚሊዮን ሴል እንግዲህ ቢበዛ 30 ማይክሮግራም ገደማ ነው። ከ15 እስከ 25 ካገኛችሁ ጥሩ ሠርታችኋል። 100 ካገኛችሁ ሌላ ፕሮቲን ገብቷል። 2 ካገኛችሁ ወይ ዝቃጩ ጓጉሏል፣ ወይ የተሳሳተውን ፈሳሽ ደፍታችኋል። በትናንሽ ቲዩብ ከፋፍላችሁ በ80 ዲግሪ ከዜሮ በታች አስቀምጡት።

ጄልና ሜምብሬን

15 በመቶ ጄል ተጠቀሙ። በየጉድጓዱ 1 ማይክሮግራም ይበቃል። ኤች3 ክብደቱ 15 ኪሎዳልተን ገደማ ቢሆንም ጄል ላይ ወደ 17 አካባቢ ይታያል። ሰማያዊው ቀለም ከታች ሳይወጣ አቁሙት፤ ኤች4 11 ኪሎዳልተን ስለሆነ አብሮ ሊያመልጥ ይችላል።

ሜምብሬኑ ቀዳዳው 0.2 ማይክሮሜትር የሆነውን ምረጡ። እኔ መጀመሪያ የተጠቀምኩት 0.45 ነበር። ባንዱ ስስ ሆኖ ይወጣብኝ ነበር። አንድ ቀን ከኋላው ሁለተኛ ሜምብሬን ደረብኩ። ግማሹ ሂስቶን ኋለኛው ላይ ተገኘ፤ የመጀመሪያውን አልፎ ሄዶ ነበር።

ፕሮቲኑ ወደ ሜምብሬኑ ከተላለፈ በኋላ በፖንሶ ቀለም ቀብታችሁ ፎቶ አንሱት። አራቱ ሂስቶኖች ታች ተደርድረው ይታያሉ። በየጉድጓዱ እኩል ካልታዩ እዚያው አቁሙና ጭነቱን አስተካክሉ። በሌሎች ብሎቶች የተለመዱትን ፕሮቲኖች፣ አክቲንን ወይም ጋፕዲኤችን፣ እንደ ጭነት ማነጻጸሪያ አትፈልጉ። በአሲድ ስታወጡ እነሱን ትታችኋቸዋል። እዚህ ማነጻጸሪያው ጠቅላላ ኤች3 ነው።

አንቲቦዲውን አትመኑት፤ ፈትኑት

የኤች3ን ጅራት ፊደል በፊደል ብትመለከቱት አንድ ችግር ታያላችሁ። በ27ኛው ላይሲን ዙሪያ ያለው ቅደም ተከተል አላኒን፣ አርጂኒን፣ ላይሲን፣ ሴሪን ነው። በ9ኛው ላይሲን ዙሪያ ያለውስ? አላኒን፣ አርጂኒን፣ ላይሲን፣ ሴሪን። አንድ ዓይነት ነው። ሁለቱም ላይሲኖች ሦስት ሜቲል ሊይዙ ይችላሉ። በ9ኛው ላይ የሚለጥፉት ግን ሌሎች ኢንዛይሞች ናቸው። እንደ መንታ ወንድማማቾች ናቸው። ምልክቱን ለይቶ እንዲይዝ የምንጠቀምበት ፕሮቲን፣ አንቲቦዲው፣ ሰነፍ ከሆነ አይለያቸውም።

ይህ እኔ ላይ ደርሷል። ሁለተኛው ሙከራዬ ላይ ክፍፍሉን በትክክል ቆጥሬ፣ አምስት ዙር ጠብቄ፣ ምልክቱ በግማሽ ብቻ ቀነሰ። መድኃኒቱ ግማሽ ብቻ ይሠራል ብዬ ልጽፍ ነበር። አንቲቦዲውን ስፈትነው ግን 9ኛውንም እያነበበ ተገኘ። የቀረው ግማሽ ጭራሽ የኢዜድኤች2 ሥራ አልነበረም።

ፈተናው ቀላል ነው። አጫጭር የኤች3 ቁራጮች (ፔፕታይዶች) ግዙ፦ ሜቲል የሌለው፣ ኬ27 ሞኖ፣ ዳይ፣ ትራይ፣ እና ኬ9 ትራይሜቲል። ከእያንዳንዱ 100፣ 10 እና 1 ናኖግራም ሜምብሬን ላይ ጠብ አድርጉ። ይድረቅ። ከዚያ እንደ ማንኛውም ብሎት በአንቲቦዲው አልፉበት። መብራት ያለበት ኬ27 ትራይ ብቻ ነው። ዳይሜቲሉ በጣም በትንሹ ቢታይ ልታገሠው እችላለሁ። ኬ9 ከታየ ግን አንቲቦዲው ይመለስ። አዲስ ጥቅል በመጣ ቁጥር ድገሙት፤ በተለይ ፖሊክሎናል (የብዙ አንቲቦዲዎች ድብልቅ) ከሆነ ከጥቅል ጥቅል ይለያያል። ሪኮምቢናንት ሞኖክሎናል (ሁሌም አንድ ዓይነት ሆኖ የሚሠራ) ብታገኙ ዋጋው ቢበዛም እሱን ያዙ።

ሁለት ነገር ልጨምር። 28ኛው ሴሪን ፎስፌት ሲለጠፍበት አንዳንድ አንቲቦዲ ጎረቤቱን ኬ27 ማየት ያቅተዋል። ይህ የሚሆነው በተለይ በክፍፍል ላይ ባሉ ሴሎች ነው። መድኃኒታችሁ ሴሎችን ክፍፍል ላይ የሚያቆም ከሆነ ምልክቱ ሳይጠፋ የጠፋ ሊመስል ይችላል። ሁለተኛ፣ ጠቅላላ ኤች3ን የምታነቡበት አንቲቦዲ የሚይዘው ከጅራቱ ተቃራኒ ያለውን ጫፍ ይሁን። ጅራቱን የሚይዝ ከሆነ ምልክቶቹ ራሳቸው ንባቡን ያበላሹበታል።

ሌላው የተለመደ ነው። በ5 በመቶ ወተት ወይም ቢኤስኤ አንድ ሰዓት፣ አንቲቦዲውን አብዛኛውን ጊዜ 1 ለ1,000 አቅጥኖ በ4 ዲግሪ ማሳደር፣ ሦስት ጊዜ አሥር አሥር ደቂቃ ማጠብ፣ ሁለተኛውን አንቲቦዲ አንድ ሰዓት። ከተቻለ የኬ27 አንቲቦዲ ከጥንቸል፣ የኤች3 አንቲቦዲ ከአይጥ ሆነው በሁለት ቀለም አንድ ሜምብሬን ላይ አንብቡ። ያኔ አጥቦ እንደገና መቀባት አያስፈልግም።

ባንዱን ወደ ቁጥር መለወጥ

በዓይን «ቀንሷል» ማለት አይበቃም። የደመቀ ባንድ ጣሪያ ነክቶ ሊሆን ይችላል፤ ከዚያ በላይ ምን ያህል እንደነበረ አይናገርም። ስለዚህ በየጄሉ ላይ መሰላል አስቀምጡ። መድኃኒት ካላገኘው ናሙና 100፣ 50፣ 25 እና 12.5 በመቶ ጫኑ። የባንዱ ድምቀት በዚሁ ልክ መውረዱን ተመልከቱ። 100ው እና 50ው እኩል ከታዩ ብዙ ጭናችኋል ማለት ነው፤ መጠኑን ቀንሳችሁ ድገሙ። መስመሩ ቀጥ ሲል የመድኃኒቱን ናሙና በመሰላሉ ላይ አንብቡ። ከዚያ በጠቅላላ ኤች3 አካፍሉት። ይህን ሁሉ ከተለያየ ቀን በተነሡ ሦስት የሴል ዙሮች ላይ አድርጉት። ከአንድ ሳህን ሦስት ጉድጓድ መጫን ሦስት ሙከራ አይባልም።

ያገኛችሁትን መተርጎም

ትራይሜቲሉ በክፍፍሉ ስሌት ልክ ከወረደ ኢንዛይሙ ቆሟል። ዳይሜቲሉም አብሮ መውረድ አለበት። ሞኖሜቲሉ ላይ ብዙ አትመኩ፤ ብዙ ጊዜ ያን ያህል አይንቀሳቀስም። ለማረጋገጫ እኔ የምወደው ኬ27 አሴቲልን ነው። አንድ ላይሲን ሜቲልና አሴቲልን በአንድ ጊዜ መያዝ አይችልም። ሜቲሉ ሲለቅ ፒ300 እና ሲቢፒ የተባሉት ኢንዛይሞች ቦታውን ያገኛሉ። ትራይሜቲሉ ወርዶ አሴቲሉ ከወጣ ሁለት ተቃራኒ ምስክሮች አንድ ቃል ተናገሩ ማለት ነው።

ምልክቱ ወርዶ አንድ ደረጃ ላይ ከተንጠለጠለስ? በቅድሚያ ኢዜድኤች1ን ጠርጥሩ። የኢዜድኤች2 ታናሽ ነው ማለት ይቻላል፤ ደከም ያለ ኢንዛይም ሆኖ በማይከፋፈሉ ሴሎች ውስጥም ይገኛል። ኢዜድኤች2ን ብቻ ስታጠፉ እሱ ጥቂት ምልክት ያቆያል። ይህን ለመለየት ኢኢዲ የጠፋባቸው ሴሎች ጎን ለጎን ይኑሯችሁ። ኢኢዲ ከሌለ ሁለቱም አይሠሩም፤ እዚያ የሚቀር ባንድ ካለ የአንቲቦዲው ስህተት ነው።

ሴላችሁ የሊምፎማ ከሆነ የ641ኛውን ታይሮሲን ሁኔታ አጣሩ። የተለመደው ኢዜድኤች2 የመጀመሪያውን ሜቲል ሲለጥፍ ቀልጣፋ ነው፤ ሦስተኛው ላይ ይደክማል። የተለወጠው ደግሞ ተቃራኒው ነው። ሁለቱ አንድ ሴል ውስጥ ሲገናኙ አንዱ የጀመረውን ሌላው ይጨርሳል። ስለዚህ ትራይሜቲሉ ከመነሻው በጣም የበዛ ይሆናል፤ መሰላላችሁን ከዚያው ሴል ሥሩ እንጂ ከሌላ አታምጡ። አንዳንድ ጽሑፍ ላይ 646 ተብሎ ብታዩት አትደናገሩ። ያው አሚኖ አሲድ ነው፤ የተቆጠረው 751 አሚኖ አሲድ ባለው ረዘም ያለ ቅጂ ላይ ነው።

ከዚህ አልፋችሁ የትኛው ጂን ላይ እንደጠፋ በቺፕ (ምልክቱ ያለበትን ዲኤንኤ በአንቲቦዲ ለቅሞ የሚያሳይ ዘዴ) ማየት ስትፈልጉ ከእያንዳንዱ ናሙና ጋር እኩል መጠን ያለው የፍራፍሬ ዝንብ ክሮማቲን (ዲኤንኤ ከነሂስቶኑ) ጨምሩ። ምልክቱ ከመላው ጂኖም ሲጠፋ የተለመደው ማስተካከያ ሁሉንም ወደ እኩል ይጎትተዋል፤ መጥፋቱም ይሸፈናል። የውጭው ክሮማቲን መለኪያ ሆኖ ይቆማል። የጂኖቹ ሥራ መለወጥም ከምልክቱ መጥፋት ዘግይቶ ነው የሚመጣው። በ4ኛው ቀን ብሎቱ ንጹሕ ሆኖ ጂኖቹ ገና ካልተነቃቁ ጥቂት ተጨማሪ ቀናት ስጧቸው።

መጨረሻ ላይ የማደርገው አንድ ሙከራ አለ። መድኃኒት ካገኙት ሴሎች ግማሹን መድኃኒት በሌለው ሚዲየም ሦስት ጊዜ አጥቤ እንደገና አሳድጋቸዋለሁ። በየቀኑ አንድ ሳህን አነሣለሁ። ኢንዛይሙ የቆመው በመድኃኒቱ ምክንያት ብቻ ከሆነ ምልክቱ በጥቂት ቀናት ውስጥ ተመልሶ መታየት ይጀምራል። ካልተመለሰ ሴሎቹ በሌላ ምክንያት ተጎድተዋል፣ ወይም መድኃኒቱ በደንብ አልታጠበም። መጀመሪያ ሲሳካልኝ ባዶ የነበረው መስመር ላይ በሁለተኛው ቀን ስስ ጥላ ታየ፤ በአራተኛው ቀን ባንድ ሆነ። ለዚህ ሙከራ ሴሎቹን ከመጀመሪያው ቀን አስባችሁ በእጥፍ ዝሩ፤ በስተመጨረሻ ስታስታውሱት የሚታጠብ ሴል አይተርፋችሁም።